ኢንተርኔታችሁ እየሄደ እየመጣ ካስቸገራችሁ፦ የት ጋ እንደሚበጠስ አግኝቶ የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ጭራሽ የጠፋ ኢንተርኔት ይሻላል እኮ፣ ጠፋ ብላችሁ ትደውላላችሁ፣ ሰው ይመጣል፣ አይቶ ይሰራዋል። የሚያደክመው ይሄ እየሄደ የሚመጣው ነው። ስብሰባ መሀል ድምፅ ይቆረጣል፣ ልጅ ኦንላይን ፈተና እየሰራ ገጹ ይደርቃል፣ ደውላችሁ ቴክኒሻን ሲመጣ ደግሞ ኢንተርኔቱ ጥሩ አርጎ ይሰራል፣ "ምንም የለውም" ተብሎ ይኬዳል፣ ሰውየው ገና ሳይርቅ መልሶ ይቆረጣል። በዚ ምክንያት ሁላችንም የለመድነው መላ ራውተሩን ነቅሎ መሰካት ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሰራል፣ ስለሚሰራም ነው መንስኤውን ሳናውቅ ለወራት አብረነው የምንኖረው። ግን ራውተሩን ባጠፋችሁት ቁጥር መብራቶቹ ሊነግሯችሁ የነበረው ነገር አብሮ ይጠፋል፣ አብዛኞቹ ራውተሮች የሚመዘግቡት ሎግም ይሰረዛል። ስለዚ ከዛሬ ጀምሮ ሲቆረጥ እጃችሁን ወደ ሶኬቱ ከመስደዳችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ብቻ ታገሱና ከዚ በታች ያለውን አርጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስልካችሁ ወይ ከላፕቶፓችሁ ተነስቶ እስከምትከፍቱት ገጽ ድረስ ያለው መንገድ ሦስት ቦታ ላይ ሊበጠስ ይችላል። አንዱ ከእጃችሁ ካለው እቃ እስከ ራውተሩ ያለው ነው፣ ዋይፋይ ወይ ኬብል። ሁለተኛው ራውተሩ ራሱና ከሱ ወጥቶ ኢንተርኔት ወደሚሰጣችሁ ድርጅት የሚሄደው መስመር ነው። ሦስተኛው ከዛ ወዲያ ያለው፣ የድርጅቱ የውስጥ ኔትዎርክና ከዛ በላይ ያለው ሁሉ። ሦስቱም ሲበጠሱ ስክሪናችሁ ላይ የሚታየው ያው አንድ የሚሽከረከር ክብ ነው፣ መፍትሄያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ዋይፋያችሁ ደካማ ሆኖ ሳለ መስመር ማስቀየር ከንቱ ድካም ነው፣ መስመሩ ተበላሽቶ ሳለም አዲስ ራውተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ የት ጋ እንደሆነ እንወቅ።

አንድ፦ ሲቆረጥ መብራቶቹን ቅረጹ

ኢንተርኔቱ ደህና በሚሰራበት ሰዓት የራውተሩን መብራቶች በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። ሲቆረጥ ደግሞ ሳትነኩት ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ሁለቱን ስታስተያዩ ብዙ ነገር ይገለጣል።

ሁሉም መብራት አንዴ ድርግም ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ከተነሳ ራውተሩ ኤሌክትሪክ እያጣ ወይ ራሱን ሪስታርት እያረገ ነው። ዲኤስኤል የሚለው መብራት ቋሚ መሆኑን ትቶ ብልጭ ድርግም ካለ በስልክ ሽቦ የሚመጣው ሲግናል ተቋርጦ እንደ አዲስ እየተደራደረ ነው ማለት ነው፣ ይሄ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ፋይበር ያላችሁ ደግሞ ፖን የሚለው ብልጭ ድርግም ካለና ሎስ የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም። ዲኤስኤሉ ወይ ፖኑ ቋሚ ሆኖ ኢንተርኔት የሚለው ብቻ ከጠፋ ወይ ከቀላ ሽቦው ደህና ነው፣ የተቋረጠው መግቢያው ነው፣ በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚከፈተው ሴሽን ወይ የድርጅቱ ሰርቨር። ምንም መብራት ሳይለወጥ ከተቆረጠ ዋይፋዩን ወይ ዲኤንኤሱን (የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) ጠርጥሩ።

ሁለት፦ ሁለት ፒንግ ጎን ለጎን

ከዚ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሰሩ ከሆነ ይሄን ስሩ። ፒንግ ማለት ወደ አንድ አድራሻ "አለህ ወይ" ብሎ ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚለውን ክፈቱ፣ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ ጻፉና ኢንተር በሉ፣ ዲፎልት ጌትዌይ ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቁጥር የራውተራችሁ አድራሻ ነው፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይ 192.168.0.1 ነው። ከዛ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ክፈቱና በአንደኛው ፒንግ (ping) የሚለውን ቃል፣ ክፍተት፣ የራውተሩን ቁጥር፣ ክፍተት፣ ከዛ ሰረዝና ቲ (-t) ጻፉ (ሰረዝና ቲዋ እስካስቆምህ ድረስ ቀጥል ማለት ናት)። በሁለተኛው መስኮት እንደዛው አርጋችሁ በራውተሩ ቁጥር ፋንታ 8.8.8.8 አስገቡ፣ ይሄ የጉግል ዲኤንኤስ ሰርቨር ነው። ማክ ላይ ተርሚናል ውስጥ ሰረዝና ቲ አያስፈልግም፣ ፒንግ ራሱ አይቆምም። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ለስልክም ነፃ የፒንግ አፖች አሉ።

ከተቻለ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት፣ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ከለካችሁ የዋይፋዩ ችግር ከመስመሩ ችግር ጋር ይደባለቅባችኋል። ከዛ ትታችሁት ስራችሁን ስሩ። በተቆረጠ ሰዓት ሁለቱን መስኮቶች እዩ፦

ሁለቱም መልስ ካቆሙ እቃችሁ ከራውተሩ ጋር ራሱ እየተገናኘ አይደለም፣ ችግሩ ዋይፋዩ፣ ኬብሉ ወይ ራውተሩ ነው። የራውተሩ መልስ በጥቂት ሚሊሰከንድ እየመጣ 8.8.8.8 ብቻ ከቆመ ችግሩ መስመሩ ወይ ከዛ ወዲያ ነው። ሁለቱም እየመለሱ ገጽ ግን አልከፈት ካለ ብዙ ጊዜ ዲኤንኤስ ነው። አንድ ሌላ አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ 8.8.8.8 መልስ አላቋረጠም ግን 30 ሚሊሰከንድ የነበረው 800፣ 1500 እያለ ወጣ። ይሄ ከሆነ ኢንተርኔታችሁ አልተቆረጠም፣ ታፍኗል። ወደሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ከፒንጉ ጎን አንድ ደብተር አስቀምጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ ጠፋ፣ የትኛው መብራት ተለወጠ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ማን ምን እየሰራ ነበር። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን ሦስት አራት ቀን ከመዘገባችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ራሱ ከደብተሩ ላይ ይነበባል።

ሦስት፦ ራውተሩና የሚበላው ኤሌክትሪክ

ከዚ የምጀምረው በራሴ ስለደረሰ ነው። እኔ ቤት ማታ ማታ ብቻ ይቆረጥ ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ መስመሩ ነው ብዬ ስደውል ስከራከር ቆየሁ፣ በመጨረሻ መብራቶቹን ቪዲዮ ስቀርጽ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፍተው ሲበሩ አየሁ። አዳፕተሩ አርጅቶ ነበር። ቀን ላይ አንድ ስልክ ብቻ ሲገናኝ ይችላል፣ ማታ ሁሉም ሰው ገብቶ ራውተሩ ብዙ ሲሰራ ግን የሚሰጠው ቮልት ይወርድና ራውተሩ ይዘጋል። አዳፕተሮች ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይደክማሉ፣ ከውጪ ግን ምንም አይታይም፣ መብራቱም እንደበራ ነው።

ስለዚ አዳፕተሩን ንኩት፣ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ጥሩ አይደለም። ስትቀይሩ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ ቮልቱ አንድ አይነት መሆን አለበት (12 ከሆነ 12)፣ አምፔሩ እኩል ወይ የበለጠ ይሁን፣ ራውተሩ ውስጥ የሚገባው ጫፍ የፕላስና ማይነስ ምልክትም አንድ መሆን አለበት። ከብዙ እቃ ጋር ዲቫይደር ላይ ከተሰካ ለሙከራ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኩት። ራውተሩ ራሱ ቴሌቪዥን ጀርባ ወይ ቁምሳጥን ውስጥ ታፍኖ ከሆነ አውጡት፣ በሙቀት ምክንያት የሚዘጋ ራውተር ብዙ ነው።

ፈርምዌር (የራውተሩ የውስጥ ሶፍትዌር) አፕዴት ካለው ከራውተሩ ሴቲንግ ገጽ ውስጥ አርጉት፣ እየጫነ ሳለ ግን ኤሌክትሪኩን እንዳትነቅሉ። ፋክተሪ ሪሴት የሚባለውን፣ ያቺን በመርፌ የምትጫን ቀዳዳ፣ ለመጨረሻ አቆዩት። የመግቢያ ዩዘርኔምና ፓስወርዳችሁን ሳትጽፉ ሪሴት ካረጋችሁ እየተቆራረጠ የነበረው ኢንተርኔት ጭራሽ ይጠፋል።

አራት፦ ችግሩ ዋይፋይ ከሆነ

ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ካልተቆረጠ፣ ሌላ ክፍል ስትገቡ ከተቆረጠ ነገሩ ግልፅ ነው። የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳይ አፕ አውርዱና ቁጥሩን እዩ፣ በዲቢኤም ይለካል፣ ሁሌም ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። -50 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው፣ እስከ -67 ለቪዲዮ ጥሪ ይበቃል፣ -75 እና ከዛ በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል፣ -80 ላይ ተስፋ አታርጉ። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ቦታ መቀየር ነው፦ ቤቱ መሀል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ከብረት፣ ከመስታወትና ውሃ ካለበት እቃ ራቅ አርጋችሁ። ሪፒተር ከገዛችሁም ሲግናል የጠፋበት ክፍል ውስጥ አትስቀሉት፣ እሱም ጥሩ ሲግናል ካልደረሰው የሚያስተላልፈው የለውም፣ መሀል መንገድ ላይ አርጉት።

ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ከተቆረጠ መጨናነቅ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ (ባንድ) ላይ ጎረቤቱም፣ ብሉቱዙም፣ ማይክሮዌቩም አንድ ላይ ነው ያሉት፣ ማይክሮዌቭ የሚሰራው 2.45 አካባቢ ስለሆነ ምግብ ሲሞቅ ዋይፋይ የሚጠፋበት ቤት አለ፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሌላው ዩኤስቢ 3 የሆነ ሃርድ ዲስክ ከራውተሩ ወይ ከላፕቶፑ ጎን ሲሰካ እዚሁ ባንድ ላይ ረብሻ ይፈጥራል። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቻናሉን ከአውቶ አውጡና 1፣ 6 ወይ 11 አርጉት፣ ከሦስቱ ጎረቤቶቻችሁ ብዙም ያልያዙትን (ያው አፑ ያሳያችኋል)፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ አርጉት። 3 ወይ 4 ወይ 8 ብትመርጡ ከሁለት ወገን ነው የምትረበሹት፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሄዱት እነዚ ሦስቱ ናቸው።

ሌላው የዋይፋይ ባንድ፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ፈጣንና ብዙም ያልተጨናነቀ ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። እዚም አንድ ወጥመድ አለ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ራዳርም የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ወዲያው ለቆ የመውጣት ግዴታ አለበት፣ አዲሱ ቻናልም ከነዚሁ ውስጥ ከሆነ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አዳምጦ ነው የሚከፍተው። ለእናንተ ይሄ ያለምክንያት ሁሉም እቃ በአንድ ጊዜ ተቋርጦ ከደቂቃ በኋላ ሲመለስ ነው የሚታየው። 36፣ 40፣ 44 ወይ 48 ላይ አስቀምጡትና እዩት።

አንድ እቃ ብቻ ከሆነ የሚቆረጠው ራውተሩን ተዉትና እቃውን እዩ። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን ያጠፋዋል፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኔትዎርክ አዳፕተሩን ከፍታችሁ ፓወር ማኔጅመንት ከሚለው ስር ኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ስልክ ከሆነ ኔትዎርኩን አስረሱትና እንደ አዲስ ፓስወርድ አስገቡ። የእቃው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ከራውተሩ አድራሻ ሊያገኝ አልቻለም ማለት ነው፣ ሪስታርት አርጉት። ቤት ውስጥ ሁለተኛ ራውተር ጨምራችሁ ከሆነ ሁለቱም አድራሻ እያደሉ ሊጋጩ ስለሚችሉ የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን ሴቲንግ) ዝጉት።

በኬብል የተገናኘው ከሆነ የሚቆረጠው ኬብሉን ቀይሩ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። አንድ ምልክት ግን ልንገራችሁ፣ ውስጡ ስምንት ሽቦ አለ፣ ለ1 ጊጋቢት ስምንቱም ያስፈልጋሉ፣ ለ100 ሜጋቢት አራቱ ይበቃሉ። ስለዚ 1 ጊጋቢት የነበረው ግንኙነት በድንገት 100 እያለ ከወረደ ብዙ ጊዜ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አለ።

አምስት፦ ችግሩ መስመሩ ከሆነ

መጀመሪያ በስልክ ሽቦ ለሚመጣው ዲኤስኤል። ከግድግዳው እስከ ራውተሩ ያለውን ሽቦ ሁሉ በአይናችሁና በእጃችሁ ተከተሉት፣ የተጠቀጠቀ፣ በር የሚቆርጠው፣ ቴፕ የተጠቀለለበት ቦታ ካለ ቀይሩት፣ ረጅም ተጠቅልሎ የተቀመጠም ከሆነ አሳጥሩት። የቤት ስልክ ካላችሁ ስፕሊተሩ ወይ ፊልተሩ (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሲግናል የሚለየው ትንሽ እቃ) መኖሩን እዩ፣ ስልክ ሲደወል ወይ ሲነሳ ኢንተርኔቱ የሚቆረጥ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው እሱ ነው፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ፊልተር የተሰካ የተረሳ ስልክም መስመሩን ይበጠብጣል።

ከዛ ትልቁ ሙከራ። ስፕሊተሩንም ስልኩንም ማራዘሚያውንም ሁሉ አውጡና ራውተሩን ብቻውን መስመሩ መጀመሪያ ቤት ከሚገባበት ሶኬት ላይ በአጭር ሽቦ ሰክታችሁ አንድ ቀን አቆዩት። ካልተቆረጠ ጥፋቱ የቤታችሁ ሽቦ ነው፣ እዛም ከተቆረጠ ችግሩ ውጪ ያለው መስመር የመሆኑ ነገር በጣም ከፍ ይላል፣ ያኔ በልበ ሙሉነት መደወል ትችላላችሁ።

ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ስታተስ ከሚለው ገጽ የዲኤስኤል ቁጥሮች አሉ። ኤስኤንአር ማርጂን የሚባለውን ፈልጉ፣ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው የሚያሳየው፣ ከ6 ዴሲቤል በታች ሲወርድ መስመሩ ቀጭን ገመድ ላይ ነው ያለው፣ ትንሽ ረብሻ ይጥለዋል። አቴንዌሽን የሚባለው ደግሞ በሽቦው ርዝመት የሚመጣ መዳከም ነው፣ ርዝመቱ ስለማይለወጥ ይሄ ቁጥርም ብዙ መለወጥ የለበትም፣ ድንገት ከተለወጠ የሆነ ቦታ መገጣጠሚያ ተበላሽቷል። ሲአርሲ ኤረር የሚለው፣ ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ ቆጣሪ፣ እያያችሁት በፍጥነት የሚጨምር ከሆነም እንደዛው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚቆረጥ መስመር ውሃ የሚገባበት መገጣጠሚያ አለው፣ ደብተራችሁ ላይ ዝናብን መዝግቡ ያልኩት ለዚ ነው። ማታ ብቻ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ ኤዲኤስኤል የሚባለው የዲኤስኤል አይነት የሚጠቀመው ፍሪኩዌንሲ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ካለበት ጋር ይደራረባል፣ ያ ሞገድ ሲመሽ በጣም ሩቅ ስለሚጓዝ ጫጫታው ይጨምራል፣ ማርጂኑም ይወርዳል። ቁጥሩን ቀንና ማታ አንብባችሁ አስተያዩ። ድርጅቱ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሶ ማርጂኑን ከፍ ሊያረገው ይችላል፣ እኔ ብሆን ከሚቆራረጥ ፈጣን የማይቆረጥ ቀርፋፋውን ነው የምመርጠው።

ፋይበር ከሆነ ቀጭኗን ገመድ ተከተሉ። ውስጧ ብርጭቆ ነው፣ በጠባቡ ከታጠፈች ብርሃኑ ያፈሳል፣ እቃ ከተጫናት፣ በሚስማር ከተያዘች፣ በጥግ ላይ ከተሰበረች ያው ነው። ሰፋ ባለ ክብ እንድትዞር አርጉ። ጫፏን ነቅላችሁ ውስጡን በጭራሽ በአይናችሁ አትመልከቱ፣ ብርሃኑ አይታይም ግን ሌዘር ነው። ጫፉን በጣትም አትንኩት፣ ትንሽ ቅባት ወይ አቧራ ይበቃዋል ሲግናሉን ለማድከም። አረንጓዴ ጫፍና ሰማያዊ ጫፍም አይጋጠሙም፣ የአረንጓዴው ፊት ሰያፍ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ስታተስ ገጹ ላይ አርኤክስ ፓወር (የሚደርሰው ብርሃን ጥንካሬ) የሚል ካለ እዩት፣ በብዙዎቹ ጂፖን የሚባሉ የፋይበር እቃዎች ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም መሀል መሆን አለበት፣ -26፣ -27 ላይ ከሆነ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ አንዴ ይይዛል አንዴ ይለቃል፣ ቁጥሩን ለድርጅቱ ንገሩ።

በሲም ካርድ የሚሰራ ራውተር ያላችሁ አርኤስአርፒ የሚለውን (የሞባይል ሲግናሉን ጥንካሬ) አንብቡ፣ -80 አካባቢ ጥሩ ነው፣ -110 በጣም ደካማ ነው። መስኮት ለመስኮት እያዞራችሁ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ጻፉ፣ አንድ ሜትር እንኳ ለውጥ ታመጣለች።

ስድስት፦ መስመሩ ደህና ሆኖ የተቆረጠ የሚመስለው

ዲኤንኤስ ከሆነ ቀላል ነው፣ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 አስገቡ፣ አለቀ። አንዳንድ ገጽ ብቻ እየተከፈተ አንዳንዱ የሚንጠለጠል ከሆነና መግቢያችሁ ፒፒፒኦኢ (በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚከፈተው አይነት) ከሆነ ኤምቲዩ የሚለውን (በአንዴ የሚላከው መረጃ ትልቁ መጠን) 1492 አርጉት፣ ፒፒፒኦኢ ከ1500 ባይት ላይ ስምንቷን ለራሱ ስለሚወስድ ነው።

ያቺ 800፣ 1500 ሚሊሰከንድ ያልኳችሁ ግን ብዙ ቤት ናት። የቤት ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቀበያው በጣም ያነሰ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲገባ ስልኮቹ ዋይፋይ ያገኛሉ፣ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫን ይጀምራሉ፣ መላኪያው ይሞላል፣ ራውተሩ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ይፈጠራል፣ የእናንተ ቪዲዮ ጥሪ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ፒንጉ እየሄደ የሁሉንም ስልክ ባክአፕ አቁሙና እዩ፣ ቁጥሩ ወደ 30 ከተመለሰ ተገኘ። ባክአፑን እኩለ ሌሊት ላይ አርጉት፣ ወይ ራውተሩ ኪውኦኤስ (ፍጥነቱን የሚያከፋፍልና የሚገድብ ሴቲንግ) ካለው የመላኪያውን ገደብ ለክታችሁ ካገኛችሁት ፍጥነት 85 ወይ 90 ፐርሰንት ላይ አስቀምጡት፣ ሰልፉ አይፈጠርም።

ሰባት፦ ስትደውሉ

"ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል" ብቻ ካላችሁ ሪስታርት አርጉ ነው የምትባሉት። በሱ ፋንታ እንዲህ በሉ፦ "በአራት ቀን ውስጥ አስራ አንድ ጊዜ ተቆርጧል፣ ሰዓቶቹን ጽፌያለሁ፣ ሲቆረጥ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ራውተሩ በኬብል ፒንግ ይመልሳል፣ መጀመሪያው ሶኬት ላይ ያለ ስፕሊተር ሞክሬዋለሁ፣ ማርጂኑ ማታ ወደ 3 ይወርዳል።" (ቁጥሩ የእናንተው ይሁን።) የቅሬታ ቁጥር ጠይቁና ደብተሩ ላይ ጻፉት። ቴክኒሻኑ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ደህና ቢሰራ እንኳ ቪዲዮውንና ደብተሩን አሳዩት፣ ደክሞት የመጣ ሰው ነው፣ ከባዶ ከሚጀምር የት ጋ መፈለግ እንዳለበት ብትነግሩት እሱም ደስ ይለዋል።

ከመሄዱ በፊት ደግሞ ስታተስ ገጹን አብራችሁ ክፈቱና ማርጂኑን፣ አቴንዌሽኑን ወይ አርኤክስ ፓወሩን ፎቶ አንሱ። ፒንጉን ሁለት ሌሊት ክፍት አርጋችሁ ተዉት። ከወራት በኋላ መቆራረጡ ተመልሶ ቢመጣ ያንን ፎቶ ከአዲሱ ቁጥር ጎን ታስቀምጡታላችሁ፣ መስመሩ ይሁን ቤታችሁ በአምስት ደቂቃ ታውቁታላችሁ።